ስፒሩሊናው የገረጣው በጨው ነው ወይስ በብረት?

ለምግብ ስለሚመረተው ጥቃቅን የውሃ ፍጥረት ስለ ስፒሩሊና የጻፈልኝ ጠያቂ መልእክት ባጭሩ ይህ ነው፦ «ቢሾፍቱ አካባቢ በሦስት ገንዳ ስፒሩሊና እናመርታለን። ሁለቱ ገንዳዎች በፕላስቲክ የተለበጡ ናቸው፤ ሦስተኛውን ከጋልቫናይዝድ ላሜራ አሠርተን የብራስ ቫልቭ ገጠምንለት። ቤኪንግ ሶዳ ስለተወደደብን ውሃ ስንቀይር በሊትር ከ16 ግራም ወደ 8 ግራም ቀነስን፤ በምትኩ በሦስቱም ገንዳ በሊትር 25 ግራም የገበታ ጨው በአንድ ቀን ጨመርን። ናይትሮጅን የምንሰጠው በዩሪያ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለቱ ገንዳዎች ገረጡ፤ የላሜራው ገንዳ ግን ቢጫ ሆኖ አረፋ ያዘ። አንድ ሰው ‹ስፒሩሊና ጨው ይወዳል፤ ከላሜራው የሚወጣውን ብረት ደግሞ ሶዳው ያዘቅጠዋል› ይለናል። ሌላው መዳብ ሰልፌት ጨምሩበት፣ ያጠራዋል ብሎናል። ጥፋቱ የጨው ነው የብረት? ገንዳውን ማዳን ይቻላል? ምርቱስ ይበላል?»

ጥፋቱ የሁለቱም ነው፤ ድርሻቸው ግን እንደ ገንዳው ይለያያል። ሦስቱም ገንዳዎች ያንኑ ጨው በአንድ ቀን ስለተቀበሉ የጋራ መገርጣታቸው የጨው ሥራ ነው። ሦስተኛውን ከሌሎቹ የሚለየው ዚንክ የተለበጠው (ጋልቫናይዝድ) ላሜራውና ከመዳብና ከዚንክ ቅይጥ (ብራስ) የተሠራው ቫልቩ ብቻ ስለሆነ፣ ከመገርጣት አሳልፎ ቢጫ ያደረገው ከነሱ የወጣ ብረት፣ ማለትም እንደ ዚንክና መዳብ ያለው፣ ነው ብሎ መነሳት ተገቢ ነው። ይህ ገና ጥርጣሬ ነው፤ ማረጋገጫው በስድስት ጠርሙስና በሦስት ቀን የሚሠራ ሙከራ ሲሆን ወደ ታች አስረዳለሁ። እስከዚያ ድረስ ሁለት ነገር ያዙልኝ። መዳብ ሰልፌቱ ገንዳው አጠገብ እንዳይደርስ። ከሦስተኛው ገንዳ የተሰበሰበውም ለሰው እንዳይቀርብ።

የመዳቡን ጉዳይ ላስቀድም፤ ምክሩ ዛሬውኑ ሊፈጸም ይችላልና። መዳብ ሰልፌት በውሃ ማጠራቀሚያዎች ላይ ሥራ የጀመረው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1904 ሲሆን፣ የተፈለገውም በአብዛኛው ሳያኖባክቴሪያን (እንደ ዕፅዋት በብርሃን የሚያድግ የባክቴሪያ ወገን) ለመግደል ነው። ስፒሩሊና ራሱ ሳያኖባክቴሪያ ነው። ይህ ወገን ከአረንጓዴ አልጌዎች ይልቅ በመዳብ ቶሎ ይጎዳል፤ ስለዚህ መዳቡ አረሙን ትቶ ሰብሉን ይጨርሳል። መጠኑን በቁጥር ይዩት፦ ለስፒሩሊና ማሳደጊያ መለኪያ ተደርጎ በሚወሰደው የዛሩክ ቀመር ውስጥ ያለው መዳብ በሊትር 0.02 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው ጣሪያ 2 ሚሊግራም ነው፣ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ለሰው የሚጠጣ ውሃ ለስፒሩሊና መርዝ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም በመዳብ የሞተ ሕዋስ ይፈነዳና በውስጡ ያለውን ሁሉ ውሃው ውስጥ ይለቃል። በአውስትራሊያ ፓልም ደሴት እ.ኤ.አ. በ1979 በግድብ ውሃ ላይ የበቀለ ሳያኖባክቴሪያ በመዳብ ሰልፌት ከተመታ በኋላ 148 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ታመው ነበር። እዚያ የነበረው ዝርያ መርዝ የሚያመርት ነበር፤ ስፒሩሊና አያመርትም። ገንዳዎ ውስጥ ሌላ ዝርያ ተቀላቅሎ እንደሆነ ግን በማይክሮስኮፕ ሳያዩ ማወቅ አይችሉም።

አሁን ወደ ጨው። «ስፒሩሊና ጨው ይወዳል» የሚለው አባባል የመጣው ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ነው። እዚያው ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅና ሻላ አጠገብ ያለው ጭቱ ሐይቅ ስፒሩሊና በተፈጥሮ የሚበቅልባቸው ናቸው፤ ሁለቱም ጨዋማ ናቸው። ነገር ግን ጨዋማነታቸው የሶዳ ነው። የሚበዛው ሶዲየም ከባይካርቦኔትና ከካርቦኔት ጋር ነው፣ ፒኤቹም (የአሲድነትና የአልካላይነት ልኩ) ወደ 10 ይጠጋል። የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ይህ የአፍዴራ ጨው እንጂ የጭቱ አይደለም። ስፒሩሊና የሚመርጠው ሶዳውን ነው፤ ክሎራይዱን ይታገሠዋል እንጂ አይፈልገውም። የሶዳው ጥቅም ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ቢሾፍቱ አካባቢ ያለው ቂሎሌ ሐይቅ አሳይቶናል፤ የሞጆ ወንዝ ውሃ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ከተደረገ በኋላ የሐይቁ ሶዳ ቀጥኖ፣ ቀድሞ የነበረው የስፒሩሊና ግዛት በሌሎች ዝርያዎች ተተካ።

ቤኪንግ ሶዳው ገንዳ ውስጥ ሦስት ሥራ አለው። የመጀመሪያው ምግብነት ነው፦ ከደረቅ ስፒሩሊና ግማሽ ገደማው ካርቦን ስለሆነ አንድ ኪሎ ለማምረት 1.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፤ ይህ የሚመጣው በአብዛኛው ከባይካርቦኔቱ ነው። ሁለተኛ፣ ፒኤቹ በቀን ብርሃን ሽቅብ እንዳይሮጥ ያግደዋል። ሦስተኛ፣ ሌሎች አልጌዎች እንዳይገቡ በሩን ይዘጋል። የገበታ ጨው ከነዚህ አንዱንም አይሠራም። ሶዲየም ይሰጣል፤ ሶዲየም ደግሞ በሶዳውም ውስጥ ነበረ። ስለዚህ ግማሹን ሶዳ በጨው ስትተኩ ምግቡን ቀንሳችሁ ሸክሙን ጨመራችሁ። አነስተኛ ጨው፣ በሊትር ከ1 እስከ 5 ግራም፣ ችግር የለውም፤ ብዙ አምራቾችም ይጠቀሙበታል። የእናንተ 25 ግራም ግን ከሶዳው ሶዲየም ጋር ሲደመር ግማሽ ሞላር (ሞላር በሊትር ውስጥ የሟሟ ነገር መለኪያ ነው) አካባቢ ይደርሳል።

በዚህ መጠን ሕዋሱ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጨው በድንገት ሲጨመር መጀመሪያ ውሃ ከሕዋሱ ይወጣል፤ ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ቀጥሎ ሶዲየምና ክሎራይድ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በሕዋሱ ውስጥ መኖር የሚገባው ፖታሲየም ስለሆነ ሶዲየሙን በፓምፕ መልሶ ማስወጣት ግድ ነው፤ ፓምፑ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ጎን ለጎን ሕዋሱ ውሃውን የሚይዙለትን ቅመሞች ይሠራል፤ ስፒሩሊና በዋናነት ግሉኮሲልግሊሴሮልና ትሬሃሎስ የተባሉትን የስኳር ዓይነቶች ያከማቻል። እነዚህ የሚሠሩት ለእድገት ሊውል ከነበረው ካርቦን ነው፤ ካርቦኑን ደግሞ እናንተ ቀንሳችኋል። ስፒሩሊና ላይ በተሠሩ ሙከራዎች በ0.5 ሞላር ጨው (በሊትር 29 ግራም) የኦክስጅን ምርቱ ወዲያው ይወርዳል፤ በ0.75 ሞላር ለጊዜው ይቆማል ለማለት ይቻላል። ከዚያ ሕዋሱ ሲለምድ ይመለሳል፤ ግን ወደ ቀድሞው ሳይሆን ዝቅ ወዳለ ደረጃ ነው።

አምራቾች ልብ የማይሉት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ የብርሃን ነገር ነው። ብርሃን አስተጻምሮ የሚጀመርበት ፎቶሲስተም ሁለት የተባለው ክፍል ዲ-አንድ የሚባል ፕሮቲን አለው። ይህ ፕሮቲን በጤናማ ሕዋስ ውስጥም በየጊዜው በብርሃን ይጎዳል፣ በየጊዜውም በአዲስ ይተካል። ጨው ጉዳቱን ያን ያህል አያባብሰውም፤ ጥገናውን ነው የሚያስቆመው። ፀሐዩ መስበሩን ቀጠለ፣ ጠጋኙ ሥራ ፈታ ማለት ነው። ስለዚህ በጨው የተደናገጠ ገንዳ ላይ የቀትር ፀሐይ ሲወርድበት ጨው ብቻውን ከሚያደርሰው በላይ ይጎዳል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ጨው ከተጨመረ ወይም መገርጣት ከታየ ቀን ጀምሮ ለአራት አምስት ቀን ከግማሽ በላይ ብርሃን የሚቀንስ መረብ ገንዳው ላይ ይዘርጉ።

ከባድ ብረቶች ሌላ መንገድ አላቸው። በዕፅዋት ውስጥ ብርሃን አስተጻምሮ የሚካሄደው በክሎሮፕላስት ውስጥ ተከልሎ ነው። ሳያኖባክቴሪያ ግን ክሎሮፕላስት የለውም፤ ብርሃን የሚይዙት ታይላኮይዶች በሕዋሱ ውስጥ ያለ ከለላ ተዘርግተዋል፣ ትንፈሳውም የሚካሄደው በነዚያው ሽፋኖች ላይ ነው። የሕዋሱን ግድግዳ ያለፈ ብረት የኤሌክትሮን መስመሩን ቀጥታ ያገኘዋል። መስመሩ የሚነሳው አራት ማንጋኒዝና አንድ ካልሲየም ከያዘ ቋጠሮ ነው፤ ውሃ ተሰንጥቆ ኦክስጅን የሚወጣው እዚያ ነው። ካድሚየም የካልሲየሙን ቦታ ይሻማል፤ ዚንክ ሲበዛ በዚሁ ጫፍ የማንጋኒዙን ሥራ ያውካል። መዳብ ፎቶሲስተም ሁለትን ከሁለቱም ጫፍ ይመታል፤ ከዚህም በላይ በብርሃን ውስጥ ሕዋስ የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ውላጆች እንዲበዙ ያደርጋል። ሜርኩሪ ገና በጥቃቅን መጠን ብርሃን የሚሰበስበውን የሕዋሱን አንቴና ከክሎሮፊሉ ጋር የሚያገናኘውን ቅብብል ይበጥሳል፤ ሰልፈር ያላቸውን የፕሮቲን ክፍሎችም አጥብቆ ይይዛል። አርሴኒክ በአርሴኔት መልኩ ፎስፌት መስሎ ይገባል፤ ስድስት ቫለንስ ያለው ክሮሚየም ደግሞ በሰልፌት በር።

ቢጫነቱ ከየት መጣ? አንቴናው የተሠራው ፋይኮሲያኒን ከተባለ ሰማያዊ ፕሮቲን ነው። ሕዋሱ ሲታመም መጀመሪያ የሚፈርሰው እሱ ነው፤ ክሎሮፊሉ ይከተላል፤ ቢጫዎቹ ካሮቲኖይዶች ኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ ቢጫነት «ታምሜያለሁ» ይላል እንጂ የበሽታውን ስም አይናገርም። ናይትሮጅን ሲያልቅም፣ አይረን (ሕዋሱ ለምግብነት የሚፈልገው፣ የሚዝገው ብረት) ሲያጥርም፣ ፀሐይ ሲበዛም ያው ቀለም ይመጣል። አይረን ያጠረበት ሁኔታ ደግሞ ከብረት መመረዝ ጋር ይምታታል፤ መዳብና ዚንክ ሲበዙ አይረኑን ከያዘው ኢዲቲኤ (ብረቶችን አስሮ የሚይዝ ኬሚካል) ላይ ገፍተው ስለሚያወጡት አይረኑ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል፣ ሕዋሱም በተትረፈረፈ አይረን መሐል ይራባል።

«ሶዳው ብረቱን ያዘቅጠዋል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ፒኤች 9 እና 10 ላይ እርሳስ፣ ዚንክና መዳብ ከካርቦኔት ጋር ተዋሕደው በከፊል ይዘቅጣሉ፤ ለዚህም ነው ሶዳ ውሃ ውስጥ ያለ ስፒሩሊና ከንጹህ ውሃ ዘመዶቹ የተሻለ የሚታገሠው። ግን ሦስት ቀዳዳ አለው። የዘቀጠው ነገር ገንዳ ውስጥ ነው ያለው፤ ስታማስሉት ይነሳና ጭራሮው (የስፒሩሊናው ክሮች) ላይ ተጣብቆ ከምርቱ ጋር በማጣሪያው ጨርቅ ላይ ይቀራል። ክሮሜት (ያ ስድስት ቫለንስ ያለው ክሮሚየም) እና አርሴኔት ደግሞ በፒኤች 10 አይዘቅጡም፤ እንደሟሙ ይቆያሉ። ሞጆ አካባቢ የቆዳ ፋብሪካዎች በሚጠቀሙበት ተፋሰስ ውሃ የሚቀዳ ሰው ክሮሚየም ሳያስመረምር ገንዳ እንዳይሞላ የምለው ለዚህ ነው። ሦስተኛው የእናንተው ነው፦ ዩሪያ ሲፈርስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መዳብን ከብራስ ላይ ያሟሟዋል፣ እንዳይዘቅጥም ይይዘዋል። ለአይረን ብላችሁ የምትጨምሩት ኢዲቲኤም ዚንኩን ከላሜራው ላይ ይስባል። ብራስ፣ ዩሪያ፣ ጨውና ጋልቫናይዝድ በአንድ ገንዳ ሲገናኙ መሟሟቱን እርስ በርስ ያፋጥናሉ። አሞኒያው በራሱም ጎጂ ነው፤ ከፒኤች 9.25 በላይ ከግማሽ በላዩ ወደ ሕዋስ በቀላሉ የሚገባው ነጻ አሞኒያ ስለሆነ ያንኑ የማንጋኒዝ ቋጠሮ ይጎዳል። ዩሪያ በትንሽ በትንሹ በየቀኑ እንጂ በአንዴ አይሰጥም፤ ገንዳው ሲታመም ደግሞ ጨርሶ ይቆማል።

ሙከራው ይህ ነው። ስድስት ንጹህ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ጠርሙስ በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ አለቅልቀው እያንዳንዳቸው ግማሽ ሊትር ይያዙ። በአንደኛው የሦስተኛውን ገንዳ እንዳለ ይቅዱ። በሁለተኛው ያንኑ ቀድተው 40 ሚሊግራም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ ይጨምሩ። በሦስተኛው የዚያኑ ገንዳ ጭራሮ በጨርቅ አጣርተው፣ ጨውና ሶዳው ከገንዳው ጋር እኩል በሆነ፣ በዲስቲልድ ውሃ በተሠራ አዲስ ማሳደጊያ ውስጥ ይክተቱ። አራተኛው ዋናው ነው፦ ከፕላስቲኩ ገንዳ የተወሰደ ጭራሮ በሦስተኛው ገንዳ የተጣራ ውሃ ውስጥ። አምስተኛው እንደ አራተኛው ሆኖ ኢዲቲኤ ይጨመርበታል። ስድስተኛው የፕላስቲኩ ገንዳ በራሱ ውሃ፣ ለማነጻጸሪያ። ሁሉንም ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው ብሩህ ቦታ ያስቀምጡ፣ በቀን አራት ጊዜ ያነቃንቁ፣ ጠዋትና ከሰዓት በ10 ሰዓት ፒኤቻቸው 7 እና 10 በሆኑ ማስተካከያ ፈሳሾች (በፈር) በተስተካከለ መለኪያ ፒኤች ይመዝግቡ። ብርሃን አስተጻምሮ ባይካርቦኔት ስለሚበላ በቀን ፒኤች ይጨምራል፤ ጭማሪው ያነሰበት ጠርሙስ ሥራው የተዳከመበት ነው።

በሦስት ቀን አራተኛው ከስድስተኛው በግልጽ ከደከመና አምስተኛው ካገገመ፣ የሦስተኛው ገንዳ ውሃ ኢዲቲኤ የሚይዘው ብረት፣ ማለትም መዳብ ወይም ዚንክ ወይም ካድሚየም፣ ተሸክሟል። ሁለቱም እኩል ከደከሙ አሞኒያን፣ ክሮሜትን ወይም አርሴኔትን ጠርጥሩ፤ እነዚህን ኢዲቲኤ አይዝም። አራተኛው ደህና ከሆነ ውሃው ራሱ ስፒሩሊናውን አይጎዳም፤ ሦስተኛው ጠርሙስ ካገገመ ግን ብረቱ ያለው ዝቃጩ ላይ ነው። ኢዲቲኤ እዚህ መመርመሪያ ብቻ ነው። ገንዳው ውስጥ ቢጨምሩት ከላሜራው ተጨማሪ ዚንክ ይስባል። የላቦራቶሪ ፍሎሮሜትር (ሕዋሱ መልሶ ከሚያበራው ብርሃን የፎቶሲስተም ሁለትን ጤንነት የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ቢተባበራችሁ ደግሞ በቅጠል ላይ የሚጠበቀውን 0.83 ንባብ እንዳይጠብቅ፤ የሳያኖባክቴሪያ አንቴና ራሱ ስለሚያበራ ጤነኛው እንኳ ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ይነበባል። የሚነጻጸረው ከስድስተኛው ጠርሙስ ጋር ነው።

ሁለቱ የገረጡ ገንዳዎች ይድናሉ። ጥላ ይዘርጉ፣ ዩሪያ ያቁሙ፣ መሰብሰብ ያቁሙ። ጨውን በአንዴ ማውጣት ግን በአንዴ እንደመጨመር ይጎዳል፤ ጨው የለመደ ሕዋስ በድንገት ቀጭን ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ይፈነዳል። በየቀኑ የገንዳውን ስምንተኛ ውሃ በጨርቅ እያጣሩ ያውጡ፣ ጭራሮውን ይመልሱ፣ በሊትር 16 ግራም ቤኪንግ ሶዳና የተለመደው ማዕድን ያለበት ጨው የሌለው ውሃ ይተኩ። የመጀመሪያው ቀን ጨውን በ3 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ በ12 ቀን 25ቱ ወደ 5 ይወርዳል። ይህ የገንዳውን አንድ ተኩል ያህል አዲስ ውሃ ስለሚጠይቅ ርካሽ አይደለም። ጨው ያልነካው ዘር በእጃችሁ ወይም በጎረቤት ካለ ከዚያ አዲስ መጀመር በወጪም በጊዜም ይሻላል፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ሦስተኛውን ገንዳ አፍርሱት። በቀለም መቀባት መፍትሔ አይደለም፤ ቀለሙ ራሱ እርሳስ ወይም ክሮሚየም ሊኖረው ይችላል፣ የተሰነጠቀበት ቦታም ዝገቱ ይፈጥናል። ላሜራው እንደ ግድግዳ ሊቆም ይችላል፤ ውስጡ ግን ለምግብ በተፈቀደ ወፍራም ፖሊኤቲሊን ሙሉ በሙሉ ይለበጥ፣ ቫልቩም በፕላስቲክ ይተካ። ውሃውን ወደ ሐይቅም ሆነ ወደ ማሳ አይልቀቁት፤ በሊትር 25 ግራም ጨው መሬት ያበላሻል። ፕላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ እንዲተን ያድርጉ። የአሉሚኒየም ሰታቴም ሆነ ማማሰያ አይጠቀሙ፤ አሉሚኒየም በፒኤች 10 ይሟሟል። የማይዝግ ብረት ይሆናል። አሮጌ የፒቪሲ ቧንቧ በእርሳስ ማጽኛ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ከተቻለ ፖሊኤቲሊን ይምረጡ። ማዳበሪያውም ይታሰብበት፦ ካድሚየም ከፎስፌት አለት ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለእርሻ የሚሸጠው ኤንፒኤስ ወይም ዳፕ ለምግብ ገንዳ አይሆንም። ፎስፌቱ ለምግብ ደረጃ የተጣራ መሆን አለበት።

ምርቱ ይበላል ወይ ለሚለው፦ አረንጓዴ የሆነ ገንዳ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ሳያኖባክቴሪያ ብረትን በግድግዳው ላይ ባለው ዝልግልግ ሽፋን ይይዛል፣ በውስጡም አስሮ ያስቀምጣል፤ ይህ ችሎታው ራሱን ያድነዋል፣ ጉዳቱን ግን ወደ በላተኛው ያሻግራል። ስሌቱን በእርሳስ እንየው። የመጠጥ ውሃ ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ከአንድ ካሬ ሜትር ገንዳ በቀን 5 ሊትር ተንኖ በዚህ ውሃ ቢተካ በቀን 0.05 ሚሊግራም እርሳስ ይገባል። በዚያው ካሬ ሜትር 6 ግራም ደረቅ ስፒሩሊና ቢሰበሰብና እርሳሱ ሁሉ ቢያዝበት በኪሎ 8 ሚሊግራም ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ለምግብ ማሟያዎች የሚፈቅደው በኪሎ 3 ሚሊግራም ነው፤ ለካድሚየም 1፣ ለሜርኩሪ 0.1። ለሰው የሚጠጣ ውሃ ተጠቅማችሁ ከጣሪያው ማለፍ ትችላላችሁ። ማጠብም ማድረቅም አያወጣውም፤ ማጠብ ከላይ የተጣበቀውን በከፊል ያነሳል፣ ውስጥ የገባውን አይነካም።

ስለዚህ ከሦስተኛው ገንዳ የተሰበሰበው ሁሉ፣ ከመገርጣቱ በፊት ላሜራ ከገባ ጀምሮ ያለው ጭምር፣ ለሕፃናትም ለአዋቂም ለዶሮም አይቀርብ። የሁለቱ ምርት በጨው ምክንያት አይመረዝም፤ ጨዋማ ስለሚሆን ግን በሚገባ መታጠብ አለበት፣ የብረት ምርመራም ከመሸጡ በፊት ያስፈልገዋል። ለምርመራው ከየገንዳው 50 ግራም ያህል በፕላስቲክ ትሪ ላይ ከ60 ዲግሪ በታች አድርቀው በንጹህ ፕላስቲክ ከረጢት ይላኩ። ላቦራቶሪውን እርሳስ፣ ካድሚየም፣ አርሴኒክ፣ ሜርኩሪ፣ ክሮሚየም፣ መዳብና ዚንክ በደረቅ ክብደት እንዲሰጣችሁ ይጠይቁ፤ መሣሪያው ዝቅ ብሎ እስከ ስንት እንደሚያነብም አስቀድመው ይጠይቁ፣ ለእርሳስ በኪሎ ከ5 ሚሊግራም በታች የማያነብ መሣሪያ «አልተገኘም» ቢል ዋጋ የለውምና። የጉድጓዱን ውሃ ለብቻ ይላኩ፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ስለሆነ ፍሎራይድም ይታይ። የገንዳ ውሃ በናይትሪክ አሲድ ሲጠበቅ ሶዳው በኃይል አረፋ ስለሚያወጣ ጠርሙሱ እስከ ግማሽ ብቻ ይሞላ፣ አሲዱንም የላቦራቶሪ ሰው ይጨምር እንጂ እናንተ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት።

አዲሱን ስትጀምሩ ገንዳው ላይ የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ ምልክት አድርጉ። 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ለአሥር ቀን በቀን 5 ሚሊሜትር ቢተንና ባይተካ ጨዉ በሲሶ ይጨምራል። ብትተኩትም የጉድጓድ ውሃው በሊትር ግማሽ ግራም ጨው ካለው በመቶ ቀን 1.25 ግራም በሊትር ይጨመርበታል፣ ካልሲየሙም ከካርቦኔትና ከፎስፌት ጋር ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን የጨው መለኪያ ይንከሩ፤ ንባቡ ከመነሻው በአንድ አምስተኛ ሲያልፍ የገንዳውን ስምንተኛ ውሃ በአዲስ ይተኩ። ሶዳው ከ16 ግራም ሊቀንስ ይችላል፣ እስከ 8 ድረስ የሚሠሩ አምራቾች አሉ፤ በምትኩ ጨው ማብዛት አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው ፒኤቹ ከ10.5 ሲያልፍ ሶዳ መጨመር ነው።